የጨረቃ ጉድጓዶችና የተሳሳተው እርማቴ

ጅግጅጋ ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነው። ከአሰላ ይዤው የመጣሁትን ሻንጣ አልጋ ሥር ከትቼ፣ ግማሹን ልብስ እንኳ ሳላወጣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖርኩ። አከራዬ የቤት ኪራይ ሊቀበሉ በመጡ ቁጥር ሻንጣውን በዓይናቸው ይፈልጉና መቼ ነው የምትሄደው ይሉኛል። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ በየዓመቱ መልሱ «ተተኪ ሲገኝ» ነው። ከክፍል ስወጣ ቤት መግባት አልወድም ነበር። መናኸሪያ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በካራማራ በኩል የሚገቡትን አውቶቡሶች ቆሜ አያለሁ፤ የምቀበለው ሰው የለኝም፣ የምሸኘውም የለኝም፤ አይቼ እመለሳለሁ።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ ይደርሳል። ስለ ምድርና ስለ ፀሐይ ቤተሰብ በሚያወራው ምዕራፍ ላይ የጨረቃ ፎቶግራፍ አለ፤ የደበዘዘ ነው፣ ግን ክብ ክብ ጉድጓዶቹ በደንብ ይለያሉ። መጽሐፉ እንዴት እንደተፈጠሩ አይናገርም። እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ ከመምህሬ የገለበጥኩት ደብተር ነበረኝ፤ እዚያ ላይ «የጠፉ የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው» ይላል። ያንን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ተማሪዎቹ ገለበጡት፣ በወሩ መጨረሻ ፈተና ላይ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ሁለት ማርክ ነበረው።

ስልሳ ስምንት ተማሪ ነው። ስልሳ ሰባቱ የነገርኳቸውን መልሰው ነገሩኝ። አንዷ ብቻ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እሳት አይደለም፣ ከላይ የሆነ ነገር ወድቆ ነው ብላ ጻፈች።

ይቺ ልጅ መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ፣ ከሌሎቹ በዕድሜ ሁለት ሦስት ዓመት፣ በቁመትም የምትበልጥ ናት። ሐርጌሳ ጦርነት ሲሆን በልጅነቷ ሸሽተው ከመጡት ቤተሰቦች መሆኗን ከመዝገቧ አውቃለሁ፤ ትምህርት የጀመረችው በዚያ ምክንያት ዘግይታ ነው። ከዚያ ያለፈ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ጊዜ ማንንም ምንም አልጠይቅም ነበር፤ እሄዳለሁ ብዬ የማስብበት ከተማ ሰው ታሪክ ምን ያደርግልኛል?

መልሷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ወረቀቱን ስመልስ ግን መልሷን ጮክ ብዬ ለክፍሉ አነበብኩና፣ ጨረቃ ላይ ድንጋይ የሚወረውረው ማን ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ልጅቷ ተነሳች። አማርኛዋ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የምትለው።

«ቲቸር፣ እሳት ከውስጥ ነው የሚወጣው» አለች። «ይሄ ግን ከላይ የመጣ ነው። ጠርዙን እየው።»

ቁጭ በይ አልኳት። ቁጭ አለች። መጽሐፉን ከፍቼ ጠርዙን አላየሁም። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ መናኸሪያ መሄድ ፈልጌያለሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል መጣች። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት አልፎ ትምህርት ሲከፈት ወንበሯ ባዶ ሆነ። ለአንድ ወር በስሟ ትይዩ «ቀሪ» እያልኩ ጻፍኩ፤ ከዚያ ስሟን ሰርዤ መዝገቡን አስተካከልኩ። የሚያቋርጥ ተማሪ ብዙ ነበር።

በአራተኛው ዓመቴ ዝውውር ተፈቀደልኝ፤ ግን ወደ አሰላ አልነበረም። ማመልከቻዬ ላይ ተስፋ ቆርጬ «የትም ቢሆን» ብዬ ስለጻፍኩ አፍደም ላኩኝ። አፍደም የባቡር መስመሩ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ባቡሩ ይመጣል ሲባል አይመጣም፣ ቀረ ሲባል ከሩቅ ጩኸቱ ይሰማል። ሙቀቱ ከጅግጅጋ አየር ጋር አይገናኝም። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲጋደም እኔ በሐዲዱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እመላለሳለሁ። ጅግጅጋን የምናፍቅ ሆንኩ፤ ይህ ደግሞ በራሴ ላይ አናደደኝ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ አንድ ቀያሽ ተከራየ። ሐዲዱ ሊጠገን ነው ተብሎ መሬቱን ሊለካ ከድሬዳዋ የመጣ፣ ከሃምሳ ዓመት ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቀያሾች የሚጠቀሙበትን ባለ ሦስት እግር መነጽር፣ ቴዎዶላይቱን፣ እንደ ሕፃን ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው የሚያስተኛው። አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ገና እንደጠለቀች፣ ግቢው መሐል አቁሞት ወደ ሰማይ አዙሮ አየሁት። ጨረቃዋ ከታየች አምስት ቀን ቢሆናት ነው። ና እይ አለኝ።

ወገቤን አጥፌ ዓይኔን ደቀንኩ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነበር ያየሁት። ከዚያ ድንገት ብርሃን ሞላው። ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ተደርድረዋል፤ በአንድ በኩል ያለው ግድግዳቸው ያበራል፣ በሌላው በኩል ያለው ጥቁር ጥላውን ወደ ውስጥ ጥሏል። ትልቅም አለ፣ ትንሽም አለ። አንዱ ትልቅ ጉድጓድ የጎረቤቱን ግድግዳ ቆርጦ ላዩ ላይ ተቀምጧል። የዚያው ጉድጓድ ወለል መሐል ላይ የብርሃን ነጥብ የመሰለ ጉብታ አለ።

ይሄ ሁሉ እሳተ ገሞራ ነበር ማለት ነው ብዬ ተገረምኩ። ቀያሹ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ አየኝ።

«እሳተ ገሞራ ነው ያለህ ማነው?»

መምህሬ አልኩት። ራሴም እንዲያ ብዬ እንደማስተምር አልነገርኩትም። እሱ አልሳቀብኝም። የእሳተ ገሞራ አፍ ተራራ ጫፍ ላይ እንደሚሆን፣ የእነዚህ ወለል ግን ከዙሪያቸው ካለው ሜዳ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ከፍታና ዝቅታ ሲለካ የኖረ ሰው ይህን ሳይነገረው እንደሚያየው በቀስታ አስረዳኝ። ከሰማይ የመጡ አለቶች ወድቀው የፈጠሯቸው ናቸው አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእንቁላል ያህል ድንጋይ አነሳ። የአፍደም አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ግቢው ጥግ ላይ ተከምሯል። ክንዱን ከፍ አድርጎ ድንጋዩን በኃይል ወረወረበት። አቧራው ሲረጋ መብራት ይዘን ሄደን አየነው። ክብ ጉድጓድ ተሠርቷል፤ ዙሪያውን አፈሩ ተገፍቶ ከፍ ያለ ጠርዝ ሆኗል፤ ከጠርዙ ወዲያ ደግሞ የተበተነው አቧራ በየአቅጣጫው ቀጫጭን ሰረዝ እየሠራ ወጥቷል።

ጠርዙን እየው ያለችኝ ይህን ነበር።

ቀያሹ ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ሊያጽናናኝ ይመስለኛል፣ ጨረቃ ላይ ጠቆር ብለው የሚታዩት ሰፋፊ ሜዳዎች ግን በእርግጥም ቀልጦ የፈሰሰ አለት ናቸው፣ መምህርህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም አለኝ። ያቺን ግማሽ እውነት ለብዙ ቀን ይዣት ዞርኩ። አላሳረፈችኝም። እኔ የጠየቅኩት ስለ ጉድጓዶቹ እንጂ ስለ ሜዳዎቹ አልነበረም።

ነገሩ ሁለት ማርክ ነው እያልኩ ራሴን ተቆጣሁ። ግን ባዶው ወንበር እየመጣ ፊቴ ይደቀናል። በእኔ ምክንያት ነው ያቋረጠችው የሚል ሐሳብ አንዴ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው ጠፋ። በሐዲዱ ላይ መመላለሱን አበዛሁት። በመጨረሻ ወደ ጅግጅጋ መልሱኝ ብዬ ጻፍኩ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፋይሌን ገልብጦ አይቶ፣ አንተ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ከጅግጅጋ አውጡኝ ስትል አልነበረም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ሙቀቱ አልተስማማኝም አልኩት። ተፈቀደልኝ፤ ግን እስኪፈቀድ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ጅግጅጋ ተለውጣ ጠበቀችኝ። ባጃጅ በዝቷል፣ ፎቅ መሠራት ጀምሯል፣ የምቆምበት መናኸሪያ እንኳ ቦታ ቀይሯል። የድሮ ተማሪዎቼን ስለ ልጅቷ በየመንገዱ መጠየቅ ያዝኩ። አንዱ ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ የሚሠራ ሚኒባስ ሹፌር ሆኗል፤ ቤተሰቧ ወደ ድንበሩ እንደሄደ ሰምቻለሁ አለኝና ቅዳሜ በእሱው መኪና ይዞኝ ሄደ።

ቶጎጫሌ የጭነት መኪና፣ የሰልባጅና የኤሌክትሮኒክስ ከተማ ነው። ሹፌሩ ከሱቅ ሱቅ እየወሰደ በሶማሊኛ ይጠይቅልኛል፤ ሰዎቹ እሱን ሰምተው እኔን ያያሉ። ከመንግሥት የመጣሁ የመሰላቸው ነበሩ። ላግባ ብዬ የመጣሁ የመሰላቸውም ነበሩ፤ አንዲት ጨርቅ ሻጭ ከእግሬ እስከ ራሴ ከለካችኝ በኋላ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። አንድ ሽማግሌ ግን ጠንከር ባለ አማርኛ አስቆሙኝ።

«ልጅቷ ምን አጥፍታ ነው?»

«እሷ አይደለችም አባቴ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ትንሽ አሰቡና እናትና ልጅ ቶጎጫሌን ከለቀቁ መቆየታቸውን፣ ልጅቷ ሸደር የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ በሚገኝ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆና እንደምትሠራ ነገሩኝ። ከመመለሴ በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ የሩቅ ማያ መነጽር ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁት ሹፌሩ ሲጠይቀኝ ለጨረቃ አልኩት፤ እስክንደርስ ሌላ አላናገረኝም።

ሸደር የሄድኩት የሚቀጥለውን ቅዳሜ እንኳ መጠበቅ አቅቶኝ ነው፤ ሐሙስ ለባልደረባዬ ክፍለ ጊዜዬን ሰጥቼ ተነሳሁ። እዚያም እንደደረስኩ መመለስ አማረኝ። ምን ልላት ነው? ከክሊኒኩ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ሁለቴ አዝዤ ሁለቴም ሳልጨርሰው ተነሳሁ። ሥራ ሲለቀቅ ሴቶች ተከታትለው ወጡ። ቁመቷን ነው ያወቅኩት። እሷ ግን ገና ከሩቅ ለየችኝ።

«ቲቸር፣ አረጀህ» አለችኝ።

ቤቷ ቅርብ ነበር፤ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናቷ ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝና በጥድፊያ ነገርኳት፦ መልሷ ትክክል እንደነበር፣ እኔ እንደተሳሳትኩ፣ ክፍሉን ያሳቅኩባት እኔ እንደሆንኩ፣ በእኔ ምክንያት ትምህርቷን እንዳቋረጠች ማወቄን።

«በአንተ ምክንያት አይደለም» አለች። «እናቴ ታማ ነው። ስኳር ነው የያዛት። ሠርቶ የሚያበላ ሰው ስላልነበረ ነው የሄድኩት። አንተን እኮ ረስቼህ ነበር።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ይልቅ አንድ የተደገፍኩት ነገር ከሥሬ እንደተነሳ ሆነብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሕይወቷን መንገድ ያጣመምኩ ትልቅ ሰው አድርጌ ራሴን ስቆጥር ኖሬ፣ ለካ ለእሷ ደወል እስኪደወል የሚቸኩል አንድ መምህር ነበርኩ።

ቆይታ ደግሞ ቀጠለች። «ሳቃቸውን ግን አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ጉድጓድ ለማንም አውርቼ አላውቅም።»

የቱ ጉድጓድ ብዬ ጠየቅኳት። ይህን መጠየቅ የነበረብኝ ያን ጊዜ፣ ክፍል ውስጥ ነበር።

ሐርጌሳ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ማድቤት ነበር። አውሮፕላን የጣለው ነገር ማድቤቱ ላይ ወደቀ። እናቷ እሷን ይዘው ጎረቤት ሄደው ስለነበር ማንም አልሞተም። ሲመለሱ ማድቤቱ የለም፤ በቦታው ክብ ጉድጓድ አለ። ሰው ሁሉ እየጮኸ ዕቃ ሲሰበስብ እሷ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ጠርዙ ላይ ቆማ ታያለች። ዙሪያውን አፈሩ እንደ መደብ ከፍ ብሏል። ግቢያቸው ግራጫ አፈር ነው፤ ከሥር የወጣው ግን ቀይ ነበርና ቀዩ በግራጫው ላይ እየተረጨ እስከ አጥሩ ድረስ ረጃጅም መስመር ሠርቷል። በማግስቱ ሌላ፣ አነስ ያለ ነገር ከጎኑ ወድቆ የመጀመሪያውን ጠርዝ በልቶት አገኙት። ከተማውን ለቀው የወጡት በዚያ ቀን ነው። ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ስከፍት አወቅኩት አለችኝ። የጨረቃውን ፎቶ ስታይ ግቢያቸውን ነው ያየችው።

እናቷ ምን እያወራን እንደሆነ በሶማሊኛ ጠየቁ። ነገረቻቸው። አሮጊቷ እኔን ትክ ብለው አዩና አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ለመተርጎም ትንሽ አመነታች።

«ከጅግጅጋ ድረስ የመጣው ለአንድ ጉድጓድ ነው ወይ ነው የምትለው።»

አዎ በያቸው አልኩ። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በረጅሙ ማውራት ጀመሩ። ማድቤቱን በገዛ እጃቸው ለስነውት እንደነበር፣ ያን ጠዋት ድስት ጥደው መውጣታቸውን፣ ድስቱ እስከ ዛሬ አለመገኘቱን እየተረጎመች ነገረችኝ። ስለ ድስቱ ሲያወሩ እናትየው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ይህን ታሪክ ከእናቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ኋላ ነው የነገረችኝ።

ከቤት ስንወጣ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። የጨረቃዋ ግማሽ ያህል ሰማዩ ላይ አለ። መነጽሩን ሰጠኋት። እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ክርኗን የግንቡ አጥር ላይ አስደገፈች። እኔ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው እየቀያየርኩ ቆምኩ።

«ይሄኛው ኋላ ነው የመጣው» አለች በመጨረሻ። «የፊተኛውን ቆርጦታል።»

ከጅግጅጋ ኢንተርኔት ቤት ያተምኩትን ፎቶ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እዚያ ላይ ጉድጓዶቹ ቀርበው ይታያሉ። በእጅ ስልኳ መብራት እያየች ጣቷን የአንዱ መሐል ላይ አሳረፈች።

«ይሄ መሐሉ ላይ ያለው ኮረብታ ምንድነው? የእኛ ጉድጓድ እንዲህ ያለ የለውም።»

«አላውቅም» አልኳት።

መምህር ከሆንኩ ጀምሮ ለተማሪ እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም፤ እንግዲያ ፈልግና ደውልልኝ ብላ የስልክ ቁጥሯን ነገረችኝ።

ሁለት ሳምንት ፈለግኩ። ኢንተርኔቱ ገጽ እስኪከፍት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። በመጨረሻ አገኘሁት፦ የወደቀው አለት በጣም ትልቅ ሲሆን መሬቱ በምቱ ወደ ታች ይጎደጉድና መልሶ ወደ ላይ ይገፋል፤ ያ ተመልሶ የተነሳው ነው መሐል ላይ ኮረብታ ሆኖ የሚቀረው። ትንንሾቹ ይህ የላቸውም። ደውዬ ነገርኳት።

«እንግዲያ የእኛ ትንሽ ነበር ማለት ነው» አለች።

ከጨረቃዎቹ ጋር ሲተያይ አልኩ። ሳቀች። ለእናቷ እንደምትነግራቸው ቃል ገባችልኝ።

ከዚያ በኋላ ያንን ምዕራፍ ሳስተምር አንድ ሳፋ አመድ ክፍል ይዤ እገባ ነበር። በአመዱ ላይ ስስ አድርጌ ቀይ አፈር እነሰንስበታለሁ፤ ተማሪዎቹ በየተራ ድንጋይ ይጥላሉ፤ ጠርዙን፣ የተረጨውን አፈር፣ ቀድሞ የወደቀውንና ኋላ የወደቀውን እየለዩ ይስላሉ። ፊታቸው አመድ ለብሶ ነው የሚወጡት፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ሦስት ጊዜ ለርዕሰ መምህሩ ከሳኛለች። አንድ መምህር ትክክለኛ መልስ ላይ ኤክስ አድርጎ እንደነበር፣ መምህሩም እኔ እንደሆንኩ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። ልጅቷን መጥታ እንድትነግራቸው ሁለት ጊዜ ለምኛት እንቢ አለች፤ የማታ ትምህርት ጀምራ ስለነበር ጊዜ የለኝም ነው ያለችኝ። አሥረኛ ክፍልን በዚያው በማታ ጨረሰች። ጂኦግራፊ ስንት እንዳመጣች ስጠይቃት ለሌላ መምህር ነው የተፈተንኩት አለችኝ።

በየዓመቱ የምጽፈው የአሰላ ዝውውር የተፈቀደልኝ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ደብዳቤውን ሲሰጡኝ መደሰቴንም አለመደሰቴንም አላውቅም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ በኪሴ ይዤው ከተማውን ዞርኩ። ልሰናበታት ስደውል ስልኩ አይሠራም። አሰላ ገብቼ ወር እንደሆነኝ እሷው ደወለች። እናቷን ይዛ ሐርጌሳ ሄዳ ነበር። ግቢያቸውን ፈልገው አገኙት፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተሠርቶበታል፣ ከሥሩ የሞባይል ሱቅ አለ። ጉድጓዱ ምልክቱ እንኳ የለም። እናቷ ማድቤቱ የነበረው ከሱቁ በስተግራ ነው ይላሉ፣ እሷ ደግሞ በስተቀኝ ነው ትላለች። ባለ ሱቁ ወጥቶ እስኪያያቸው ድረስ መንገድ ላይ ቆመው ተከራከሩ፤ ሳይስማሙ ተመለሱ።

ጨረቃ ላይ ዝናብም ነፋስም ስለሌለ ጉድጓዶቹ በዘመናት ብዛት እንደማይደፈኑ አንድ ጊዜ ነግሬያት ነበር። ያን አስታውሳ፣ እዚያ ቤት የሚሠራባቸውም ስለሌለ ነው አለችኝ። ከዚያ እናቷ ስልኩን ተቀበሉ። በሶማሊኛ ረዘም አድርገው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ አልገባኝም፤ እሺ ለማለት ያህል «ሀዬ፣ ሀዬ» አልኳቸው። ከኋላ ልጅቷ ስትስቅ ይሰማኛል። ምን ብለውኝ እንደነበር ልጠይቃት ስል መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን እንደያዝኩ ከቤት ወጥቼ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ፣ ደግሞ ተመለስኩ፣ ደግሞ ደወልኩ።